በየቁራጩ የተሰበሰበ ሙሉ ልብስ

ሱቄ ደረጃ ሥር ናት። ወደ ፎቁ የሚወጣውም የሚወርደውም አናቴ ላይ እየተራመደ ነው የሚያልፈው። በአንድ ጎኔ ጫማ አዳሽ፣ በሌላው ጎኔ ሰዓት ጠጋኝ አለ። እኔ አዲስ ልብስ አልሰፋም። የጠበበውን አሰፋለሁ፣ የሰፋውን አጠባለሁ፣ የረዘመውን አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ዕድሜ ልኬን የሌላ ሰፊ ጥፋት ሳርም ስለኖርኩ ምላሴ ከመቀሴ ይበልጥ ስል ነው ይሉኛል። አልዋሹም። ስለዚህ ይህ የምነግራችሁ ሰው ምላሴን ችሎ ሁለት ወር ሙሉ መመላለሱ ራሱ ሊነገርለት የሚገባ ነገር ነው።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በፌስታል የሴት ሱሪ ይዞ ነው።

"እትዬ፣ ይህን በእኔ ልክ ያደርጉልኛል?" አለ።

ሱሪውን ገልጬ አየሁት። ወገቡ ከፍ ያለ፣ እግሩ ሰፊ፣ ከፊቱ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት እጥፋት ያለው፣ ጨርቁም ደህና ሱፍ። ዚፑ ግን በጎን ነው።

"ይሄ የሴት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ለሚስትህ ነው?"

"ሚስት የለኝም።" ቀጥሎም "የዱሮ የወንድ ሱሪ እንዲህ ነበር" አለ። "የወንድ ሰልባጅ የሚሸጡት ጋ ስፈልግ ሁሉም እግር ላይ የሚለጠፍ ነው። የሴቶቹ ክምር ውስጥ አገኘሁት። ዋጋውም ይቀንሳል።"

መሳቄ አልቀረም። ስቄ ስጨርስ ግን ሰውየው የዋዛ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔ እንኳን፣ የዚህ ሁሉ ዓመት ሰፊ፣ የወንድ ሱሪ የሴት ክምር ውስጥ ፈልግ ብዬ ማንንም መክሬ አላውቅም። ዚፑን ወደ ፊት አዛውሬ፣ ዳሌውን አጥብቤ፣ ከታች ሦስት ጣት የሚያህል አጥፌ እንደምሰጠው ነገርኩት።

ስድሳ ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ቀጭን ሰው ነው። ፖስታ ቤት ውስጥ ደብዳቤ በየአድራሻው ሲለይ ሠላሳ አምስት ዓመት ኖሯል። የሥራ ባልደረቦቹ ቁጥቡ ይሉታል። የተቀደደ ኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ ይጽፋል፣ እርሳስ ጣቱ ሊይዘው እስኪያቅተው ድረስ ይቀርጻል፣ ቃል እንኳን ሲያወጣ ከኪሱ የሚያወጣ ይመስላል። የሚፈልገውን ለማወቅ ሦስት ቀጠሮ ፈጅቶብኛል። ነገሩ ይህ ነው፦ በጡረታው ቀን መሥሪያ ቤቱ ምሳ ያበላል፤ ተሰናባቹ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። እሱ በዚያ ቀን አባቱ ይለብሰው የነበረውን ዓይነት ሙሉ ልብስ ለብሶ መገኘት ይፈልጋል። አባቱም እዚያው ፖስታ ቤት፣ ቴምብር መሸጫው መስኮት ላይ ነበር የሚሠራው። አዲስ ማሰፋት አቅሙ አይፈቅድም። ስለዚህ ከሰልባጅ እየለቀመ፣ ቁራጭ በቁራጭ ሊሰበስበው ቆርጧል።

"እንግዲያው ስማኝ" አልኩት። "ጨርቅ ግዛ፣ ልክ አትግዛ። ልክ እኔ ጋ አለ። ትልቁን ማሳነስ ይቻላል፣ ትንሹን ማሳደግ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ትከሻውን ደህና አድርገህ እይ፤ ትከሻ ከተጣመመ አላቃናልህም። ብብቱን አሽትት፣ አትፈር። ወደ ብርሃን አንሥተህ እየው፣ ብል በልቶት ከሆነ እንደ ወንፊት ያሳይሃል። ቁልፍ የለውም ብለህ ግን ጥሩ ጨርቅ እንዳትተው፤ ቁልፍ በቆርቆሮ ሙሉ አለኝ።"

ይህን ሁሉ በኤንቨሎፕ ጀርባ ጻፈው። "ብብቱን አሽትት" የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሰልባጅ ተራ ይወርዳል። ጠዋት አይሄድም፤ ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን መልሰው መሸከም ሲሰለቻቸው፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነው የሚሄደው። ሰኞ ሰኞ ያገኘውን ይዞልኝ ይመጣል። ሰደርያው ከተዘጋ ሆቴል የወጣ የአስተናጋጅ ሰደርያ ነበር፤ ደረቱ ላይ የሆቴሉ ስም በቢጫ ክር ተጠልፏል። ክሩን አንድ በአንድ በመርፌ ለቀምኩና ቀዳዳው እስኪጠፋ በእንፋሎት ካውያ ተኮስኩት። ከረባቱ እንደ ምላስ የሰፋ ነበር፤ ተርትሬ አቀጠንኩት። ባርኔጣውማ አንድ ወፍራም ሰው ተቀምጦበት የከረመ ይመስላል። የፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ ይዤ በእንፋሎት አለሰለስኩትና ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደፍቼ አሳደርኩት። ለጫማው ጎረቤቴ ጫማ አዳሹ አዲስ ሶል መታለት። ቁጥቡ ደግሞ በምትኩ ጫማ አዳሹ ለወረዳ የሚያስገባውን ማመልከቻ ጻፈለት፤ እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ በሕይወቴ አላየሁም፣ ፊደሉ ሁሉ ተተኩሶ የወጣ ነው የሚመስለው።

አራተኛው ሰኞ ላይ ነው ስለ እህቱ የነገረኝ። እኔ ነኝ የጎተጎትኩት፤ ሥራው እያማረ ሲሄድ የሰውየው ፊት ለምን እንደሚጠቁር ሊገባኝ አልቻለም ነበር።

"እታለም አልመጣም ብላለች" አለ።

እታለም ታላቅ እህቱ ናት፣ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። አባታቸው ሲሞት እሱ አምስት ዓመቱ ነበር። እናታቸው በሽተኛ ስለነበረች ያሳደገችው እሷ ናት። በአሥራ ሦስት ዓመቷ የሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀምራ፣ በኋላ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጥራ፣ እዚያው ጡረታ ወጣች። እሷም አላገባች፣ እሱም አላገባ። እስከ ዛሬ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። ከእሷ ሌላ ቤተሰብ የሚለው ሰው የለውም።

አባቷን ግን "ያ ሰውዬ" ነው የምትለው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው እናቷ "ዘንድሮ ለመጽሐፉም ለዩኒፎርሙም የለንም፣ ለከርሞ ትገቢያለሽ" አለቻት። በዚያው ሳምንት አባትየው አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከሥራ ገባ። ለከርሞ የተባለው ሳይደርስ አባትየው ሞተ፤ እሷም ትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች። "ትምህርቴን ለብሶት ሄደ" ትላለች። ሌላ ነገር ስለ እሱ ተናግራ አታውቅም።

"የእሱን ልብስ ለብሰህ በምትቆምበት ቦታ አልቀመጥም አለችኝ" አለ ቁጥቡ። "እውነቷን ነው። እሷ ያልደረሰችበትን ክፍል ሁሉ እኔ ተቀምጬበታለሁ፣ በእሷ እጅ።"

"ታዲያ ተወዋ" አልኩት። "የሁልጊዜ ጃኬትህን ለብሰህ ከእህትህ ጋር ምሳህን ብላ። ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው?"

ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙረዋል። "እትዬ፣ እኔ የአባቴ ድምፅ ትዝ አይለኝም" አለ። "ፊቱም በፎቶ ነው የማውቀው። ትዝ የሚለኝ ወደ በሩ ሲመጣ የማየው ሱሪውና የታጠፈው ጠርዙ ነው። ከእሱ የቀረኝ ትዝታ ልብሱ ብቻ ነው።" ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለ፣ "ልብሱንም እፈልጋለሁ፣ እታለምንም እፈልጋለሁ። ስድሳ ዓመት ቆጥቤያለሁ፤ አንድ ቀን ሁለት ነገር ብፈልግ ምናለበት?"

አንጀቴን በላው። እኔ ደግሞ ሰው አንጀቴን ሲበላኝ እናደዳለሁ። "በል ኮቱ ቀርቷል፣ የአባትህን ፎቶ አምጣና የኮሌታውን ቅርጽ ልየው" ብዬ አስወጣሁት።

በማግስቱ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣው። ፎቶ ቤት የተነሣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ቀጭን ሰው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቆሟል፤ ግራ እጁን የወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፏል፣ በቀኝ እጁ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዟል። ቁጥቡ ከመስታወቴ ፊት ቆሞ እንደዚያው ያዘው። "እታለም ይህችን አያያዝ ነው አጥብቃ የምትጠላት" አለኝ። "ሹም መሰለ ትላለች።"

ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ለማየት የማስቀምጣት ማጉያ መነጽር አለችኝ። ኮሌታውን ለማየት እሷን አነሣሁ። ኮሌታውን አየሁ። ከዚያ ከባርኔጣው ሥር ብቅ ያለች የደረት ኪስ ጥግ አየሁ። በቀኝ በኩል ነች።

የወንድ ኮት የደረት ኪስ በግራ ነው። መጀመሪያ ፎቶውን ገልብጠው አጥበውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቁልፎቹን አየሁ፤ የኮቱ ቁልፎች በግራ፣ ቀዳዳዎቹ በቀኝ፣ ልክ እንደ ሴት ልብስ። ፎቶው ተገልብጧል ብዬ ልተወው ስል ዓይኔ ሰደርያው ላይ አረፈ። ሰደርያው በትክክል የወንድ ነው፣ ግራው በቀኙ ላይ ነው የተቆለፈው። ፎቶ ደግሞ ከተገለበጠ ሁሉንም ነው የሚገለብጠው፤ ኮቱን ለይቶ ሰደርያውን አይተውም። ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ እንጀራው ይህ ነበር።

ዱሮ ኮት ውጩ ነጥቶና ተልጦ አላስወጣ ሲል፣ አቅም የሌለው ሰው ወደ አጎቴ ያመጣዋል። አጎቴ ስፌቱን በሙሉ ይተረትረዋል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ከዚያ ፀሐይ ያልነካውን የውስጡን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ እንደገና ይሰፋዋል። ሰውየው አዲስ ኮት ለብሶ ይወጣል። የምታጋልጠው አንዲት ነገር ብቻ ነች፦ ጨርቁ ሲገለበጥ የግራው ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የደረት ኪሱም አብሮ ይሄዳል። የቢሮ ሰዎች ያችን ኪስ ለመደበቅ የማያደርጉት አልነበረም። ጋዜጣ ብብታቸው ሥር ይዘው ደረታቸው ላይ የሚያስጠጉ ነበሩ። ባርኔጣ የሚይዙም ነበሩ።

አፌ አይችልምና እንደመጣልኝ ነገርኩት። "አባትህ ሹም መስሎ አይደለም የቆመው። ኪሱን እየደበቀ ነው። ይህ ኮት አዲስ አልነበረም። ቢያንስ አሥር ዓመት ተለብሶ የተገለበጠ ነው።"

ቁጥቡ ባርኔጣውን ከደረቱ ላይ አወረደና የደንበኛ ዱካዬ ላይ ተቀመጠ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የኪሷን ጥግ በጣቱ ከደናት። በመጨረሻ፣ "ለእታለም እርስዎ ይንገሯት" አለ። "እኔ ብነግራት ለልብሱ ሲል ፈጠረው ነው የምትለኝ።"

እህቱ ሐሙስ መጣች። ገና ከሩቅ በእርምጃዋ እሷ መሆኗን ገመትኩ፤ የቸኮለ ሰው እርምጃ ነው። ሰፋ ያለች፣ እጇ በውኃና በሳሙና ብዛት የነጣ፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች ሴት።

"ወንድሜን ያንን ሰውዬ አድርገው የሚሰፉት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"ቁጭ ይበሉ።"

"ለመቀመጥ አልመጣሁም።"

ፎቶውን ላሳያት ስል "አውቀዋለሁ" ብላ ፊቷን አዞረች። ስለዚህ ሌላ መንገድ ያዝኩ። አንድ ደንበኛ እጅጌ ላሳጥርለት የተወውን ኮት ከመስቀያው አውርጄ በፊቷ ገለበጥኩት፣ ገበሩን ወደ ውጭ አድርጌ ለበስኩት። "ኪሱ የት ሄደ?" አልኳት። አየች። "ቁልፉስ?" አየች። ስለ አጎቴና ስለ ደንበኞቹ ነገርኳት። ከዚያ ማጉያ መነጽሩንና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ካውያዬን ለመሰካት ፊቴን አዞርኩ። ስመለስ ፎቶው ላይ አቀርቅራለች።

"ለማስገልበጥ ስንት ያስከፍሉ ነበር?" አለች።

"እምብዛም አይደለም። አጎቴ ከቢሮ ሰው የሚቀበለው የአንድ ልጅ መጽሐፍ እንኳን አይገዛም ነበር።"

ይህን ስላት ዱካውን ስባ ተቀመጠች። "ሃምሳ ስድስት ዓመት ተናድጄበታለሁ" አለች በዝግታ። "ጠዋት ስነሣ እናደድበታለሁ። ልብስ ስዘፈዝፍ እናደድበታለሁ። የሰው ኮት በእጄ በገባ ቁጥር እናደድበት ነበር። ታዲያ እኔን ያስቀረኝ እሱ ካልሆነ ማን ነው?"

"ማንም" አልኩ። "አልነበራችሁም፤ ያ ብቻ ነው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ማን ጠየቀሽ?" አለች። "እኔ ጠይቄሽ ነበር?" ተነሥታ ወጣች። ምላሴን በቆረጠው አልኩ። ለዓመታት የተሸከመችውን አውርጄላት መስሎኝ፣ የምትደገፈውን ነበር የወሰድኩባት።

ቁጥቡ በሚቀጥለው ሰኞ ሲመጣ ስለ እህቱ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። በእጁ ግን ኮት ይዟል። ጥቁር ሰማያዊ፣ የድሮ ስፌት፣ ትከሻው ቀጥ ያለ፣ ጨርቁ ከባድ። ነጋዴው ሱቁ መስኮት ላይ ሰቅሎት ዓመታት ስለቆየ ፀሐይ በልቶት ፊቱ ሐምራዊ ሆኗል። ማንም አልገዛ ብሎት በነፃ ማለት በሚቻል ዋጋ ነው የሰጠው። ውስጡን ገለጥኩ። እንደተሸመነበት ቀን ነው።

"ይገለበጣል?" አለኝ።

አርባ ዓመት ሙሉ ኮት ገልብጬ አላውቅም። አራት ቀን ፈጀብኝ። ስፌቱን ስተረትር አንገቴ ተጣመመ፣ አንድ ጊዜ እጅጌውን ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወርን ረስቼ ሰፍቼ እንደገና ተረተርኩት። ደስ ብሎኝ ነበር ግን፤ የአጎቴ እጅ በእጄ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ለመጨረሻ ልኬት ሲመጣ ኪሱን ዘግቼ በግራ በኩል አዲስ ልከፍትለት አሰብኩ። ነገርኩት።

"አይንኩት" አለ። "በቀኝ ይሁን።"

"ሰው ይስቅብሃል።"

"ይሳቅ።"

የምሳው ቀን እኔንም ጠርቶኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር የጠራኝ ባዶ ወንበር እንዳይበዛ ብሎ ነው፤ አልከፋኝም። አዳራሹ ፖስታ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ረጅም ጠረጴዛዎች፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ የአካባቢ ቁጥሮች ሰንጠረዥ። ከእሱ ጎን አንድ ወንበር አስይዟል፤ ከዚያ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ፣ ሠላሳ አምስቱን ዓመት ሠላሳ ሁለት አለው። ቁጥቡ አላረመውም። በየቃሉ መሐል ወደ በሩ ያያል።

ልብሱን ግን ብታዩት። ሱሪው ሲቀመጥ እንኳን እጥፋቱ አልተበላሸም። ከሴት ክምር የወጣ መሆኑን ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም አያውቅም። ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል።

ሊያመሰግን ሲነሣ ከጥቅል ክፍል የመጣ አንድ ደንዳና ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ቁጥቡ፣ ኪስህ እኮ የተሳሳተ አድራሻ ሄዳለች" አለ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ የሥራ ቦታ ሳቅ ነው። የቁጥቡ እጅ ግን ወደ ባርኔጣው ሄደች።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?"

ድምፁ የመጣው ከበሩ ነው። እታለም ናት። የሁልጊዜ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ወደ ጠረጴዛው መጥታ ከደንዳናው ሰውዬ ፊት ቆመች።

"ይህችን ኪስ አታውቃትም እንዴ?" አለችው። "አባታችንም እንደዚህ ነበር የሚለብሰው። እዚሁ ቤት፣ ቴምብር መሸጫው መስኮት ላይ። የሚለውጠው ስላልነበረው የድሮ ኮቱን አስገልብጦ ነው። እንግዲህ ሳቅ።"

ማንም አልሳቀም። ሰውየው "ይቅርታ፣ እናቴ" አለና ወንበሩን ሊለቅላት ተነሣ። ወንበር ግን ተይዞላታል። በወንድሟና በእኔ መሐል ተቀመጠች። ቁጥቡ ስለ ሥራ ባልደረቦቹ ሊል ያዘጋጀውን በኤንቨሎፕ ጀርባ የጻፈውን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው፤ "አመሰግናለሁ" ብቻ ብሎ ተቀመጠ። እህቱን አላያትም። ሳህኗን ግን ወደ እሷ አስጠጋላት።

እሷ አልበላችም። ትንሽ ቆይታ፣ እሱ እንዳይሰማ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

"እናቴ ታውቅ ነበር?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "የምትቦርሸው እሷ ከነበረች ታውቃለች" አልኳት።

"እሷ ነበረች። እኔ እንዳልነካው ትከለክለኝ ነበር፣ አዲስ ነው እያለች።" ሳህኑን ገፋ አደረገች። "ሁለቱም ደበቁኝ። ሁለቱም ስናደድ እያዩ ዝም አሉኝ።"

"አፍሮ ይሆናል።"

"ከእኔ?" አለች። "ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ?"

 እሷ ወደ ወንድሟ ዞር አለች። እኔ ሳላየው ትከሻው ላይ የቀረ ክር ነበር፤ ለቀመችውና የተገለበጠውን ጨርቅ በዚያ በነጣ እጇ አንድ ጊዜ ወደ ታች አበሰችው።

"ቢነግረኝ እኮ" አለች፣ "እኔው እቦርሽለት ነበር።"